ኪዳነ ምሕረት ልጄን በትምህርት ቤት ግቢ ጠበቀችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለእመቤቴ ስለት ስሳል የተናገርኩት ሁለት ነገር ነው፤ መጋረጃ አስገባለሁ፣ በሰው ፊትም እመሰክራለሁ። መጋረጃው የካቲት 16 በእልልታ ገብቷል። ምስክርነቱ ደግሞ ይኸው። "ለመሆኑ ተፈወሰች?" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። እኔ የለመንኩት ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር ነበር።

ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ሲጀምራት መውደቅ አልነበረም፤ መፍዘዝ ነበር። እያወራች መሐል ላይ ቃሉ ይቆማል፣ ዓይኗ አንድ ቦታ ይተከላል፣ ትንሽ ቆይታ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። ቤት ውስጥ "ሐሳብ ይወስዳታል" አልን። ክፍል ውስጥ "ፈዛዛ" ተባለች። የሒሳብ መምህሯ በጠመኔ ጭንቅላቷን መታ መታ እያደረገ "የት ደርሰሽ መጣሽ?" ሲላት ክፍሉ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ በምን እንደሚስቁ ሳታውቅ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለች ክፍል ውስጥ ወደቀች። ያኔ የምትማረው በግል ትምህርት ቤት ነው። ክፍያው ለእኛ አቅም ከባድ ቢሆንም ግቢው ንጹሕ ነው፣ አጥሩ ረጅም ነው፣ በየኮሪደሩ ካሜራ አለ ብለን ነበር ያስገባናት። ልጆቹ ጮኸው ወጡ። ጥበቃው ክብሪት ይዞ ሮጠ፤ እየጫረ አፍንጫዋ ሥር ያዘው። ሌላ ሰው ምላሷን እንዳትነክስ ብሎ በጥርሶቿ መሐል ማንኪያ ሲያስገባ የፊት ጥርሷን ሸረፈው። ማንም ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሁሉም ሊረዳ ነው የተረባረበው። ስደርስ ቢሮ ጥግ አስቀምጠዋታል። ቀሚሷ ረጥቧል፣ ፊቷ ላይ የክብሪት ጥቀርሻ አለ። አንዲት መምህርት መስኮቱን ከፍታ በሩቁ ቆማለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከልጄ አፍ አልሰማሁም። ጠዋት ጠዋት "ሆዴን" ትላለች። ምሳ ዕቃዋ ግን ባዶውን ይመለሳል፤ ከበላችማ ደህና ናት እላለሁ። ጥበቃው ነው አንድ ቀን በሩ ላይ ጠርቶ "እናት፣ ልጅሽ ምሳዋን በአጥሩ ቀዳዳ ለውሻ ነው የምትሰጠው" ያለኝ። ነገሩን የምታውቁት ነው፤ በእኛ አገር ልጅ ምሳ ዕቃውን ብቻውን አይበላም። አራት አምስት ሆነው ይከፍታሉ፣ የአንዱን ፓስታ ከአንዱ ፍርፍር ጋር ይቀያየራሉ። የእሷን ግን የሚነካ ጠፋ። ለሀጯ የነካው ሰው በሽታው ይይዘዋል ተብሎ ተወርቷል። ብቻዋን ስትበላ እንዳያዩዋት ብላ ነው ለውሻ የምትሰጠው። ማታ ሳባብላት አንድ ነገር ብቻ ጨመረች፦ በእረፍት ሰዓት "የእሷን ጨዋታ" ይጫወታሉ። አንዱ መሬት ላይ ይወድቅና ይንፈራገጣል፣ ሌሎቹ "ክብሪት! ክብሪት!" እያሉ ይሮጣሉ።

ቢሮ ገብቼ አመለከትኩ። ርእሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ወንበር ሰጡኝ። "እናት፣ የወላጆች ቅሬታ በዝቶብናል። ልጆቹ እየደነገጡ ነው። ለእሷም ቤት ዕረፍት ብታደርግ ይሻላል" አሉኝ። ዓመቱ ሳያልቅ መልቀቂያ ተጻፈልን። መልቀቂያው ላይ ጸባይ በሚለው ቦታ "በጣም ጥሩ" ይላል።

ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ነው የምሸጠው፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ከእኛ ሰፈር ወደ ላይ ናት። ሌሊት ተነሥተን ልጄን ይዤ ጠበል መውጣት ጀመርኩ። እዚያም ቢሆን ሰው ዝም አይልም። "ይህ እኮ መንፈስ ነው፣ ወንጌሉ ላይ አለ" የሚለኝ ብዙ ነው። ወንጌሉን እኔም አውቀዋለሁ፤ ማርቆስ ምዕራፍ 9 ነው፤ እሳት ውስጥና ውኃ ውስጥ የሚጥለው ልጅ ታሪክ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው መንፈሱን ነው። እኔ ደጋግሜ ሳነብበው ዓይኔ የገባው ግን ሌላ ነው። ጌታ መጀመሪያ አባትየውን "ከያዘው ስንት ዘመን ነው?" ብሎ ጠየቀው። ሕዝቡ ሲራወጥ ባየ ጊዜ ደግሞ ፈጥኖ ገሠጸ፤ ከዚያ ልጁን እጁን ይዞ አስነሣው። ያ ሲራወጥ የነበረው ሕዝብ ለእኔ የልጄ ትምህርት ቤት ሜዳ ነው። የአባትየው ጸሎትም የኔ ጸሎት ሆነ፦ "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።"

አንድ ጠዋት ከጠበሉ ወጥተን፣ ልጄ በጋቢ ተጠቅልላ እየተንቀጠቀጠች፣ "እማ፣ ጠበሉ ከአሁን በኋላ እንዳይስቁብኝ ያደርጋል?" አለችኝ። እንዳልወድቅ አላለችም። የተሳልኩት ያን ጊዜ ነው። "እመቤቴ፣ በሽታዋን ልጅሽ ያውቃል። አንቺ ግን በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ሰው አድርጊልኝ፤ ስትወድቅ የምትወድቅበትን ቦታ አዘጋጂላት" አልኩ።

የንስሐ አባቴ ናቸው ሐኪም ቤት ውሰጃት ያሉኝ። "አባ፣ ጠበሉን ትቼ?" ስላቸው ተቆጡኝ። "ማን ተይ አለሽ? ጠበሉንም ቅጠሉንም የፈጠረ አንድ ነው" አሉ። እዚሁ እንጦጦ ማርያም የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒት እየጣሉ በጠበል ብቻ በነበሩበት ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸውን ያስታወሱኝም እሳቸው ናቸው። ጥቁር አንበሳ ሄድን። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ከጀመራት ስንት ጊዜ ነው?" ብላ ነው። ወንጌሉ ትዝ ብሎኝ ዕንባዬ መጣ፤ እሷ በሽታውን ፈርቼ ያለቀስኩ መስሏት "አይዞሽ፣ የሚታከም ነው" አለችኝ። ያ መፍዘዙም ራሱ በሽታው መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። ለሀጭ እንደማያስተላልፈው፣ ክብሪት እንደማያነቃ፣ መድኃኒቱ አንድ ቀን እንኳ በድንገት መቋረጥ እንደሌለበት አስረዳችኝ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያደረጉት፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት ማሳየቱንም ነገረችኝ። ሒሳቡን በታክሲ ስመለስ አሰብኩት። 1,000 ተማሪ ያለበት ግቢ ውስጥ ልጄን የመሰሉ ሌሎች አራት ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው፤ ወይ ተደብቀው፣ ወይ ቤት ቀርተው።

ዘመድ ሁሉ የሚመክረኝ ቤት አስቀሪያት ነበር። አማቴ "አንቺ ልጅ፣ ፊደል ከቆጠረች በቃት፤ ልጅቷን ሰው ፊት አታዋርጃት" አሉኝ። ለእኔ ግን ቤት ደኅና ቦታ ሆኖ አልታየኝም። ቤት ውስጥ ምጣድ አለ፣ ምድጃ አለ፣ የፈላ ውኃ አለ፤ እኔ ሱቅ ውዬ እሷ ብቻዋን ናት። ደግሞስ ምን ብዬ ነው የማስቀራት? የሳቁት ሌሎች፣ የምትቀጣው እሷ?

በመስከረም ሰፈራችን ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ተመዘገበች። ዴስኩ የተሰባበረ ነው፤ ክፍሉ ጢም ብሏል፤ ካሜራ የሚባል ነገር የለም። "በሽታዋን አትናገሪ፣ ካወቁ አይቀበሏትም" ተብዬ ነበር። ኪዳነ ምሕረትን ጠርቼ ለክፍል ኃላፊዋ ነገርኩት። ወጣት ነው፤ አማርኛ ያስተምራል። አዘነ ከንፈሩን መጠጠ እንዳልላችሁ፤ ደብተር አወጣና "እሺ እናቴ፣ ስትወድቅ ምን ላድርግ? ቀስ እያልሽ ንገሪኝ" አለኝ። ሐኪሟ ያለችኝን አስጻፍኩት፦ አትያዟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ አጠገቧ ያለውን ጠንካራ ነገር አንሡ፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ በጎኗ አስተኟት፣ ሰዓት ያዙ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት። ጽፎ ሲጨርስ ጥቂት አሰበና "አንድ ትርፍ ዩኒፎርም ቀሚስና የውስጥ ሱሪ በፌስታል አድርገሽ አምጪልኝ፤ የሴት መምህራን ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል" አለኝ። እኔ እናቷ ያላሰብኩትን ነው ያሰበው። የአራተኛ ክፍል ልጅ ከመውደቋ ይልቅ የምታፍረው በመርጠቧ ነው።

ከዚያ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ስለ ሚጥል በሽታ ተነበበ። የልጄ ስም አልተነሣም። ያነበቡት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ አንዱ ጥያቄ ያቀርባል፣ ሌላው ይመልሳል፣ መጨረሻ ላይ መዝሙር። ጥበቃውም የጽዳት ሠራተኞቹም ቆመው ሰምተዋል። ክብሪቱን ያስቀረው ያ ንባብ ነው።

ኅዳር ላይ ወደቀች፤ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ፣ ሙሉ ግቢው ባለበት። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ማታ ነው። በድሮው ትምህርት ቤት አንድ ነገር በሆነ ቁጥር ስልኬ ይጠራል፤ "መጥታችሁ ውሰዱ" ነው። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ እያነጋገርኩ እንኳ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነው የሚውለው። የዚያን ቀን አልጠራም። አሥር ሰዓት ልወስዳት ስሄድ መምህሩ በሩ ላይ ጠበቀኝ። "ዛሬ ጠዋት ወድቃ ነበር። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ትንሽ ተኝታ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍል ገብታለች። ለዚያ ነው ያልደወልኩት" አለኝ። እግሬ ከዳኝ፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ቀሪውን የነገረችኝ ልጄ ናት፤ እሷም ጓደኞቿ ነግረዋት ነው። ከኋላዋ የተሰለፈ ልጅ ሹራቡን አውልቆ ከራሷ ሥር አደረገ። ሁለት መምህራን በጎኗ አዞሯት። የክፍሏ ሴቶች ዙሪያዋን ከበው ቆሙ፤ ግን ወደ ውጭ ዞረው፣ ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተው፣ ማንም እንዳያያት። ይህን መምህሩ አላስተማራቸውም፤ ጠይቄዋለሁ። ከየት እንዳመጡት እሱም አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። የምትወድቅበትን ቦታ አዘጋጂላት ብዬ ነበር።

ቀሚሷን ቀይራ ክፍል ገባች። ምሳ ላይ በምገባው አዳራሽ እንደ ወትሮው ከጓደኞቿ ጋር ተቀመጠች። ሁሉም ልጅ መልአክ ሆነ አልላችሁም። አንዲት ልጅ እናቷ ከልክላት ዛሬም ከልጄ ጋር አትቀመጥም። አንዱ ደግሞ "ክብሪት" ብሎ ሊጀምር ሲል ባለ ሹራቡ ልጅ መታው፤ ሁለቱም ተቀጡ። ለመማታቱ ማመስገን ባይገባኝም ለልጁ ካልሲ ገዝቼ ልኬለታለሁ።

እንግዲህ ተፈወሰች ወይ? ጠዋት ጠበሏን ትጠጣለች፣ መድኃኒቷን ትውጣለች። መውደቁ በጣም ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልተዋትም። "እንግዲያው ይህ ምን ምስክርነት ነው? ስትድን ተናገሪ" ያለኝ ሰው አለ። እኔ ሙሉ ፈውሷንም እለምናለሁ፣ እጠብቃለሁም። ግን የለመንኩትን ተቀብዬ እንዳልተቀበለ ሰው ዝም ልበል? ልጄ አሁን ጠዋት ሆዴን አትልም። ማልዳ ተነሥታ "እማ፣ እንዳናረፍድ" የምትለኝ እሷ ናት።

የት እንደምትማር እየጠየቃችሁ መልእክት የምትልኩልኝ፣ በተለይ ልጆቻችሁን ቤት ያስቀራችሁ እናቶች፣ ስሙን አልነግራችሁም። ስሙ አይጠቅማችሁም፤ መምህሩ ነገ ሊዛወር ይችላል። የሚጠቅማችሁ ያስጻፍኩት ወረቀትና የፌስታሉ ቀሚስ ነው። ሁለቱንም ይዛችሁ ለክፍል ኃላፊው ንገሩ፣ ከመንገራችሁ በፊት ጸልዩ። መጀመሪያ የነገራችሁት ሰው ፊቱን ቢያዞር ወደ ሌላው ሂዱ።

ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ለከተማው ፈተና እየተዘጋጀች ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሰባተኛ ስትገባ በየትምህርቱ አዲስ መምህር፣ ከሌላ ቦታ የሚመጡ አዳዲስ ልጆች ይኖራሉ፤ ትርፍ ቀሚሱም አጥሯት በልኳ አዲስ እያሰፋሁ ነው። ለዚህ ደግሞ አዲስ ስለት ተስያለሁ። በጸሎታችሁ አስቡን።