በስተርጅና የሚደረግ የሥነ ልቦና ሕክምና
በንግግር የአእምሮን ችግር የሚያክመውን ሳይኮአናሊሲስ የመሠረተው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዕድሜያቸው ወደ 50 የተጠጋ ወይም ከዚያ ያለፈ ሰዎች አእምሯቸው የመለወጥ አቅሙ ስለሚቀንስ ከእርሱ ሕክምና ብዙም እንደማይጠቀሙ ገልጾ ነበር። ያን ጊዜ እርሱ ራሱ 50 ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አረጋውያንን በማክምበት ሥራዬ የማየው ግን ሌላ ነው። ድብርታቸው «አዝኛለሁ» በሚል ቃል ብዙ ጊዜ አይገለጥም፤ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የማይለቅ የወገብ ሕመም ወይም መርሳት ሆኖ ስለሚቀርብ ቤተሰብም ሐኪምም «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል። ድብርት ግን የእርጅና ግዴታ አይደለም፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

ሕክምናው በመሠረቱ ለወጣቶች ከሚደረገው ጋር ያው ሲሆን የሚለወጠው አካሄዱ ነው። ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ የተነጋገርነውንም በጉልህ ፊደል ጽፌ እሰጣለሁ።

የአእምሮ ሐኪሙ ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 የሕይወት ክለሳ ብሎ የገለጸው፣ አረጋውያን ያለፈ ዘመናቸውን መላልሰው የሚመረምሩበት ተፈጥሯዊ ሂደት፣ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ከ40 ዓመት በፊት የሞተ ልጅ ሐዘን ትናንት የደረሰ ያህል ትኩስ ሆኖ ሲወጣ፣ ለማጽናናት ከመቸኮል ይልቅ ዝም ብሎ አብሮ መቆየትን ይጠይቃል።