ከኤርታሌ ካሴት ጫፍ ላይ ያገኘሁት ስድስት ደቂቃ

ሰላም ወዳጆች። የድሮ ካሴቶቼን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ። ከ64 ሚኒ ዲቪ (ትናንሽ የቪዲዮ ካሜራ) ካሴቶች 41ዱ አልቀዋል። አንዱ ካሴት 60 ደቂቃ ነው፤ ለመገልበጥም 60 ደቂቃ ይፈጃል። ማፍጠን አይቻልም። 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ሁሉም ተደምሮ አንድ ቴራባይት ዲስክ ላይ ይገባል። በረሃ ለበረሃ፣ ተራራ ለተራራ ስዞር የቀረጽኩት ሁሉ ኪስ ውስጥ ሊገባ ነው።

መጀመሪያ የሥራውን ነገር ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችሁ በዩኤስቢ ገልብጣችሁ ምስሉ እንደደበዘዘባችሁ ነግራችሁኝ ነበር። በዚያ ዘመን ካሜራዎች ብዙዎቹ ላይ ዩኤስቢው ለፎቶ የተሠራ ነው። ቪዲዮው በሙሉ ጥራቱ የሚወጣው ፋየርዋየር በሚባለው ሌላ ገመድ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ይህ ቀዳዳ የለም። እኔ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቼ ለዚህ ብቻ መደብኩት። ካሜራውም ላፕቶፑም ባትሪያቸው ሙሉ ካልሆነ አልጀምርም። አራት ኪሎ ያለችው ክፍሌ ውስጥ መብራት እልም ብሎ 50ኛው ደቂቃ ላይ ሥራዬ ሁለት ጊዜ ተቋርጦብኛል።

ካሴቱን ከማጫወቴ በፊት እስከ ጫፉ አሳልፌ መልሼ አጠነጥነዋለሁ። ዓመታት ተጠቅልሎ የቆየ ቴፕ ውጥረቱ ይዛባል። ምስሉ ላይ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከታዩ ብዙ ጊዜ የካሜራው ሄድ፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበው ክፍል፣ ቆሽሾ ነው። ደረቅ ማጽጃ ካሴት ለ10 ሰከንድ ያህል በቂ ነው። ደጋግማችሁ ካጸዳችሁ ሄዱን ይበላዋል።

አሁን ወደ 38ኛው ካሴት ልምጣ። ላዩ ላይ በእስክሪፕቶ «ኤርታሌ 4» ይላል። 1996 ዓ.ም. ነው። ከመቀሌ በላንድክሩዘር ወርደን፣ ከዚያ ዕቃውን በግመል ጭነን፣ በሌሊት ነበር የወጣነው። ተራራው 613 ሜትር ብቻ ነው፤ ዳገቱ ሰው አይጥልም። ቀን ግን ሙቀቱ አያስኬድም። አፋፉ ላይ ስንደርስ የላቫው ብርሃን የአፋሩን መሪያችንን ፊት ቀይ አድርጎት ነበር። ነፋሱ ሲዞር የድኙ ጢስ ጉሮሮ ያንቃል። ካሜራውን በጋቢዬ ጠቅልዬ ሌንሱን ብቻ አውጥቼ ቀረጽኩ። ከለሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባዶ ካሴት አለቀብኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ካሴት ቀርቷል። የተቀረጸበት ነው። የጋሼ ቃለ ምልልስ ነበር።

ጋሼ ፒያሳ ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሲኒማ ቤት ፕሮጀክተር ሲያንቀሳቅሱ ኖረዋል። እኛ የሰፈር ልጆች ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር ደጃፍ ላይ ነው ያደግነው ማለት ይቻላል። እሳቸው አንድ ቀን እጄን ይዘው ወደ ማሽን ክፍላቸው አስገቡኝ። ካሜራ የያዝኩት በዚያ ምክንያት ነው። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አንድ እሑድ ቤታቸው ሄጄ፣ ቡና እየተፈላ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስወራኋቸው።

ያን ካሴት ነው ኤርታሌ አፋፍ ላይ ወደ መጀመሪያው መልሼ የቀረጽኩበት። ብዙም አላሰብኩም። አዲስ አበባ ናቸው፣ እሑድ እሑድ ቤታቸው ናቸው፣ ተመልሼ እቀርጻቸዋለሁ አልኩ። ስመለስ ሌላ ሥራ መጣ። በዓመቱ አረፉ። ይህን ነገር ለቤተሰባቸው ነግሬ አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት ከርሞብኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ካሴቱ እየተገለበጠ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። 54ኛው ደቂቃ ላይ ላቫው ተቋረጠ። ምስሉ ተርገበገበ። ከዚያ ጋሼ፣ ከወሬያቸው መሀል፣ ብቅ አሉ። አዲስ ቀረጻ ያልደረሰበት የካሴት ጫፍ የድሮውን እንደያዘ ይቀራል። ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ ለኤዲቲንግ የሚያስፈልገኝን ቁራጭ ወስጄ ካሴቱን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ እስከ ጫፉ አላየሁትም። ማስፈጠን ቢቻል ኖሮ አሁንም አላየውም ነበር።

ስድስት ደቂቃ ነው። ሁለት ሲኒ ጎን ለጎን አቁመው ማሽኖቹን ያሳዩኛል። ፊልም በአንድ ጥቅልል አይመጣም፤ አንዱ 20 ደቂቃ ቢሄድ ነው። ስለዚህ ሁለት ፕሮጀክተር ያስፈልጋል። ጥቅልሉ ሊያልቅ ሲል ከምስሉ በላይ በቀኝ ጥግ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ማስነሳት ነው። ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ሌላዋ ነጥብ ትመጣለች። እዚያች ላይ መቀየር። ብርሃኑን የሚሰጡት ተቀራርበው የሚነዱ ሁለት የካርቦን ዘንጎች ናቸው፤ እየነደዱ ሲያጥሩ ማስጠጋት አለ። «ተመልካቹ መቀየሬን ካወቀ ሥራዬን አልሠራሁም ማለት ነው» ይላሉ። ይህን ሲሉ ግራ እጃቸው አንዱን ሲኒ ሲያነሳ ቀኝ እጃቸው ሌላውን ያስቀምጣል። እጃቸው አልረሳውም።

ምስሉን ላሻሽለው ብዬ አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ሞከርኩ። ምስሉ ጠራ። ፊታቸው ግን ሌላ ሰው ሆነ። የግንባራቸውን መስመር አለስልሶ፣ የሌላቸውን ጥርስ ሞላላቸው። ወዲያው አጠፋሁት። እናንተም ብትሞክሩ ዋናውን ፋይል እንዳትነኩት አደራ። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚታየው መስመር እንኳ ይቆይ። አቀራረጹ እንደዚያ ነበር።

ቤተሰባቸው በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ከሰፈሩ ለቀዋል። ልጃቸውን አግኝቼ አጠገቧ ተቀምጬ አሳየኋት። በላዩ ላይ እንደቀረጽኩበትም ነገርኳት። ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስናጫውተው ከጋሼ ድምፅ ኋላ ሲጥ የሚል ነገር ተሰማ። «የኛ በር ናት» አለችኝ። ሦስተኛ ጊዜ ያጫወትነው ለበሩ ነው።

ላቫውን ዛሬ በድሮን ከላይ፣ ከእኔ በአሥር እጥፍ በጠራ ምስል፣ ማንም ቀርጾት ታገኛላችሁ። ያን ሌሊት ሕይወቴን አስይዤ የቀረጽኩት መስሎኝ ነበር፤ ደስታውም አሁን ድረስ አለ። ጋሼን ግን ከእኔ ሌላ የቀረጻቸው ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ያለቁትን ካሴቶች መልሼ ጫፍ ጫፋቸውን እያየሁ ነው። አንዱ ላይ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በማለዳ፣ አራት ደቂቃ፣ አግኝቻለሁ። ሱቅ ሲከፈት፣ ውሃ ሲረጭ። ለምን እንደቀረጽኩት ትዝ አይለኝም።

ከቀሩት 23 አምስቱ በኤልፒ የተቀረጹ ናቸው። ካሴት ለመቆጠብ 60ውን ደቂቃ 90 እናደርገው የነበረበት ዘዴ ነው። እንዲህ የተቀረጸ ብዙ ጊዜ ከቀረጸው ካሜራ ውጪ ያስቸግራል፤ ያ ካሜራዬ ደግሞ ከተሸጠ ቆይቷል። በሁለት ካሜራ ሞክሬ ድምፁ ተቆራረጠ። ቅዳሜ ሦስተኛ ካሜራ እዋሳለሁ።