74 ወይስ 44

በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የዕቅድና መረጃ ባለሙያን ሰው የሚያስታውሰው ሪፖርት ሲዘገይ ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ የመረጃ ቅጽ ይሞላሉ። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንተኛ ክፍል፣ ስንት መምህር፣ ስንት ዴስክ። ባለሙያው ይሰበስባል፣ ይደምራል፣ ለዞን ይልካል። ዞን ለክልል፣ ክልል ለትምህርት ሚኒስቴር። እኔም ይህን ስሠራ ኖሬያለሁ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው፣ በእኛው አቆጣጠር። ወረዳዋ ትንሽ ናት፤ ገጠር ናት። ስሟ ይቅር።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ወረዳ ከክልል የሚያገኘው በጀት በጥቅል ነው የሚመጣው። ለጤናው፣ ለግብርናው፣ ለመንገዱ፣ ለትምህርቱ የሚደለድለው የወረዳው ምክር ቤት ነው። ትምህርት ትልቁን ድርሻ ይወስዳል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ያ ድርሻ ከሞላ ጎደል የመምህራን ደመወዝ ነው። ደመወዝ ተከፍሎ የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ በነዳጅና በውሎ አበል ያልቃል። ትምህርት ቤት የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ለዚህ ነው በ2001 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ሲጀመር ርዕሳነ መምህራን «ስኩል ግራንት» የሚባለውን፣ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ድጋፍ እንደዚያ የወደዱት። ስሌቱ በተማሪ ራስ ነበር። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ 55 ብር፣ 9ኛና 10ኛ 60፣ መሰናዶ 70። ዛሬ ሲሰሙት ያስቃል። ወላጅ ለጠመኔ ለሚያዋጣበት ትምህርት ቤት ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ልብ በሉ። ያ ብር የሚባዛው በቅጹ ላይ በሚሞላው የተማሪ ቁጥር ነው።

አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ የወረዳው የትምህርት ጉባኤ ተካሄደ። ርዕሳነ መምህራን፣ አጎራባች ትምህርት ቤቶችን በአንድነት የሚከታተሉ የጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች፣ የቀበሌ አመራሮች፣ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ተወካይ፣ ሁሉም ተገኝቷል። የትምህርት ቤቶቹ ንጽጽር በሰንጠረዥ ቀረበ። በ8ኛ ክፍል ከሁሉም መጨረሻ የወጣው ማንም ያልጠበቀው ትምህርት ቤት ነበር። የተመዘገበ 74። ክልላዊ ፈተና የተፈተነ 44። ያለፈ 37። መጠነ ማቋረጥ 40 በመቶ ገደማ። ጎበዝ የሚባል ርዕሰ መምህር ያለበት፣ ግቢው ጽዱ፣ መምህራኑ የማይቀሩበት ትምህርት ቤት ነው።

ርዕሰ መምህሩ ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል።

«ከእኔ ትምህርት ቤት ሠላሳ ልጅ አላቋረጠም። ይህ ስድብ ነው» አለ። «ከተፈተኑት 44 ልጆች 37ቱ አልፈዋል። ከ80 በመቶ በላይ ነው። እናንተ ግን ለ74 አካፍላችሁ ግማሽ አደረጋችሁት።»

የፋይናንሱ ተወካይ እስከዚያ ድረስ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ቀና ብሎ «ሠላሳው ካላቋረጠ፣ የሠላሳው ልጅ ግራንት የት ገባ?» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ቆመ። ጥያቄው መውጫ የለውማ። ሠላሳው ልጅ ነበሩ ካለ አቋርጠውበታል፤ በውጤት ይገመገማል። አልነበሩም ካለ በሌሉ ልጆች ገንዘብ ወስዷል፤ በሒሳብ ይጠየቃል። ርዕሰ መምህሩ መልስ ሳይሰጥ ተቀመጠ። የወረዳው ኃላፊ እኔንና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሄደን እንድናጣራ አዘዘ።

የሒሳብ ሠራተኛው ሌባ ሊይዝ ነው የሄደው። መንገዱን ሙሉ ስለ ሐሰተኛ ደረሰኝ ሲያወራልኝ ነበር። እዚያ ስንደርስ ግን ፋይሎቹ በረድፍ ተደርድረው ጠበቁን። ሁሉም በየቅጹ ነው፤ ገቢው በሞዴል 64፣ ንብረቱ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22። ለእያንዳንዱ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የተፈረመበት ቃለ ጉባኤ። የመጣው ብር መጠን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ዴስኮቹን ቆጠርን፤ አሉ። ጥቁር ሰሌዳዎቹ ታድሰዋል። ባልደረባዬ ትንሽ ቅር ሳይለው አልቀረም። በነገራችን ላይ፣ እንዲህ የተያዘ ሰነድ በጽሕፈት ቤታችንም አይቼ አላውቅም።

ብሩ ንጹሕ ነው። እንግዲህ የቀረው ቁጥሩ ነው።

የ8ኛ ክፍልን የስም መጥሪያ አስወጣሁ። 74 ስም አለ፤ በሁለት ሴክሽን። ሠላሳዎቹ ስሞች አጠገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቀሪ ምልክት ተደርድሯል። ጥቂት ሳምንት እንዲሁ ይሄድና ባዶ ይሆናል። ክፍል ኃላፊው መምህር ሰልችቶት መጻፉን ትቷል። መሸኛ የወሰደ የለም። እነዚህ ልጆች አላቋረጡም፤ መጀመሪያውኑ አልመጡም።

«ታዲያ ለምን ጻፍካቸው?» አልኩት።

ርዕሰ መምህሩ መሳቢያውን ከፈተና ሌላ ወረቀት አወጣ። የቀበሌው የቤት ለቤት ምዝገባ ዝርዝር ነው። ነሐሴ ላይ ንቅናቄ ይደረጋል፤ ዕድሜው የደረሰ ልጅ ሁሉ ይመዘገባል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ «መቶ በመቶ ተመዝግቧል» ብሎ ለወረዳ ሪፖርት ያደርጋል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ የቀበሌው ካቢኔ አባል ነው። ሪፖርቱ ላይ የእሱም ፊርማ አለበት።

«ነሐሴ ላይ 74 ብዬ ፈርሜ ኅዳር ላይ 44 ብዬ ብልክ ምን የምትሉኝ ይመስልሃል?» አለኝ። «ከቢሯችሁ ይደወላል። ‹ተሳትፎ ወረደ፣ አስተካክል› ይባላል። አስተካከልኩ። ግራንቱንም አልጠላሁትም፤ አልዋሽህም።»

ተሳትፎ የምንለው የተመዘገበውን ልጅ ብዛት ነው። 55 ብር በ30 ሲባዛ 1,650 ብር። ለዚህ ብር ሲባል ወረዳው ውስጥ ካሉት ጥሩ ትምህርት ቤቶች አንዱ በገዛ ቅጹ የመጨረሻ ሆነ። ሰውየው ለብሩ ብቻ ብሎ አላደረገውም፤ ከላይ የመጣውን ቁጥር ላለማሳነስ ብሎ እንጂ። ብሩ ዝም ለማለት ምክንያት ሆነው።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ናቸው። እኛ በአጭሩ ወመህ ነው የምንለው። ሰብሳቢው ገበሬ ናቸው፤ በሰል ያሉ ሰው። ቼክ ልፈርም ነው የተጠራሁት ብለው ከእርሻ መጡ። ሠላሳውን ስም ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ልጆች ያውቋቸዋል?»

«ማን ማንን? እስቲ አንብባቸው።»

አነበብኩ። አንድ በአንድ መለሱልኝ። «ይቺ ተድራለች፤ አምና ጥር ላይ። ይኼ ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። እነዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ አባታቸው ሞቶ ከብት የሚጠብቅ የለም። ይኼ ከተማ አጎቱ ጋ ሆኖ ይማራል፤ እሱን ተወው። ይኼ ደግሞ 8ኛን ጨርሷል። ታናሹን ይሆናል የጻፋችሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ? ግድግዳ ላይ የምትለጥፉት ብሩን ነው፤ የልጁን ቁጥር አትለጥፉ። እኔ ወደ ልጄ ክፍል ስገባ ሃያ ምናምን ልጅ ነው የማየው። እናንተ ጋ ስንት እንደተጻፈ በምን አውቃለሁ?»

ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ አለ። በየስብሰባው ይጠቀሳል። ኅብረተሰቡ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ነው ይላል መንፈሱ። በተግባር ግን ባለቤቱን የምንፈልገው ለመዋጮና ለፊርማ ነበር። እኚህ ሰው ያለ ቅጽ፣ ያለ ኮምፒዩተር ከእኛ የተሻለ መረጃ ነበራቸው።

እኔን ያናደደኝ 1,650 ብሩ አይደለም። የተዳረችው ልጅ በመረጃችን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። «ተመዝግባለች» ተብሏላ። ትምህርት ላይ ያለች ልጅ ማን ይፈልጋታል? ከብት ጠባቂዎቹን ወንድማማቾች ማን ይፈልጋቸዋል? ስማቸው መስከረም ላይ «ያልመጣ» ተብሎ ቢለይ ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው ቤታቸው ይሄድ ነበር። ሰኔ ላይ «ያቋረጠ» ሲባሉ ደግሞ ጥፋቱ የመምህራኑ ሆነ። በሐሰተኛ ተሳትፎ የሚጎዳው መጀመሪያ ልጁ ነው፤ ቀጥሎ በደንብ ያስተማረው መምህር።

በኋላ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሰው ሁሉ ደነገጠ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 ሆነ። ኩረጃው፣ የመምህር እጥረቱ፣ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ ብዙ ምክንያት ተነሣ። ሁሉም ድርሻ አለው። እኔ ግን ከታች ጀምሮ ቁጥር ሲያምር የኖረባቸው ቢሮዎች ትዝ አሉኝ።

ወደ ወረዳችን ልመለስ። ሪፖርቱን ስናቀርብ ኃላፊው ርዕሰ መምህሩን በጽሑፍ ማስጠንቀቅ ፈልጎ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ «እሱን ካስጠነቀቅህ ሁላችንንም አስጠንቅቅ» አለው። እውነቱን ነው፤ በሌሎቹም ቅጾች ላይ ተመሳሳይ ነገር መኖሩን ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ማስጠንቀቂያው ቀረ። በምትኩ አዲስ አሠራር ተወሰነ። ጥቅምት ላይ ትምህርት በሚሰጥበት ቀን ወመህና መምህራን አብረው በየክፍሉ ልጅ በልጅ ይቆጥራሉ። የቆጠሩትን ከግራንቱ መጠን ጎን ሰሌዳ ላይ ይለጥፋሉ። ተመዝግቦ ያልመጣ ልጅ ስሙ ከነመንደሩ ተለይቶ ለቀበሌው ካቢኔ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ዓመት መራር ነበር። የበርካታ ትምህርት ቤቶች ቁጥር ወረደ። ግራንቱም አብሮ ወረደ። በዚያ ትምህርት ቤት በወረቀት ሁለት ሴክሽን የነበረው 8ኛ ክፍል ለአንድ ክፍል ከተቀመጠው የ50 ተማሪ መስፈርት በታች ሆነና አንድ ላይ ተጣጠፈ። አንድ መምህር ትርፍ ተባለ፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ሃያ ሃያ ሆነው በደንብ ይማሩ የነበሩ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ታጨቁ። ይህን የሚያካክስ ነገር አልነበረንም። ርዕሰ መምህሩም ለተወሰነ ጊዜ ሰላምታውን አሳጠረብኝ።

ሰብሳቢው ግን የራሳቸውን ዝርዝር ይዘው በየመንደሩ ዞሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተራ ገቡ፤ አንዱ ከብቱን ሲጠብቅ ሌላው በፈረቃ ይማር ተባለ። ከቆላ የተመለሱም ነበሩ። የተዳረችዋ ልጅ አልተመለሰችም።

ከዞን ደብዳቤ መጣ። ጥቅል ተሳትፎ ለምን እንደወረደ በአስቸኳይ ይብራራ ይላል። እኛም የቆጠራውን ቃለ ጉባኤና ተመዝግበው ያልመጡትን ልጆች ስም ዝርዝር ከእያንዳንዱ ልጅ ምክንያት ጋር አያይዘን ላክን። መልሱ አጭር ነበር። ስለ ልጆቹ አንድም ቃል የለበትም። በቅጹ ላይ የተጠየቀው መረጃ ብቻ ይላክ፣ ቅጹ «ተመዝግቦ ያልመጣ» የሚል ዓምድ የለውም ይላል።

የሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ሲመጣ ለየትምህርት ቤቱ ከመበተኔ በፊት ዓምዱን በእስክሪብቶ አሰመርኩበት።