ነቅቼ ያሳለፍኩት 11 ሰዓት

ባሕር ዳር ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል የሌሊት ሪሴፕሽን ነበርኩ። አካውንቲንግ በርቀት ስለምማር ፈረቃው ተመችቶኝ ነበር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሎቢው ጭር ይላል፣ ውኃው ከድንጋዩ ጋር ሲላተም ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚህ የተሻለ ላይብረሪ ከየት ይመጣል?

አንድ ማታ እንግዳ መጣና «ወንድሜ፣ 11 ሰዓት ቀስቅሰኝ፣ 1 ሰዓት ፍላይት አለኝ» አለኝ። መዝገቡን ማንሳት ሰነፍኩና ሞጁሌ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ባንክ ሪኮንሲሌሽን የሚለውን ምዕራፍ ጀመርኩ፣ የድርጅትን የሂሳብ መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማስታረቅ ማለት ነው። «ያልተመነዘሩ ቼኮች ከባንኩ ቀሪ ሂሳብ ላይ ይቀነሳሉ።» ስልኬ ቲንግ አለ። የክፍል ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ነው፣ አንዱ ያለፈ ዓመት ፈተና ለቋል። ለትምህርት ነው ብዬ ከፈትኩ፤ ከፈተናው ወደ ቀልድ፣ ከቀልዱ ወደ ቲክቶክ፣ ስመለስ ያችው የቼክ መስመር ትጠብቀኛለች፣ ደግሞ ቲንግ። ስንቴ እንዳነበብኳት እግዜር ይወቀው።

የሚገርመው እንቅልፍ አልወሰደኝም። 11 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ፈጦ ስልክ ላይ ነበር። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ሰውዬው ሸሚዙን ሳይቆልፍ፣ አንድ ካልሲ በእጁ ይዞ ወረደ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ ስልኬን አየ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊያችን፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ማንበብ ይከለክሉኛል ብዬ ስጠብቅ ሞጁሉን ገለጥ ገለጥ አድርገው «ሌሊቱን ሙሉ ስንት ገጽ አነበብክ?» አሉኝ። ሦስት። «ታዲያ ለማን ነበር ያመሸኸው ልጄ? ለእኛም አልሆንክ፣ ለፈተናህም አልሆንክ።» የትኬት መቀየሪያውን ከደመወዜ ቆረጡ። እሱ እንኳ እንደ ጥያቄው አላመመኝም።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ የቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። 25 ደቂቃ አነባለሁ፣ 5 ደቂቃ አርፋለሁ። ዘዴውን በፈረንጆች 1980ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ ነው፤ ደቂቃ የሚቆጥረው በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት ስለነበር ስሙ ፖሞዶሮ ቀረ፣ በቋንቋቸው ቲማቲም ማለት ነው። እኔ የግድግዳው ሰዓት ይበቃኛል። በየእረፍቱ ደግሞ መዝገቡን አያለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት እጄ ባዶ ኪሴን ሲዳብስ ያድር ነበር፣ አሳፋሪ ነው፤ ሪኮንሲሌሽኑ ግን በሁለት ሌሊት አለቀ።

ከወራት በኋላ ያው እንግዳ ተመልሶ መጣ። «11 ሰዓት» አለኝ። መዝገቡ ላይ በትልቁ ስጽፍ ቆሞ አየና፣ ቀስ ብሎ ስልኩን አውጥቶ የራሱን አላርም ሞላ። አልፈረድኩበትም።