ዝም ያለችው መስኮት

አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ቀለበት ያለበትን ሬዚስተር፣ ያንን ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ በእጄ በያዝሁ ቁጥር የአንድ መጋዘን ጠባቂ ድምፅ ይመጣብኛል።

ሥራው ከባድ አልነበረም። የማንቂያ ደወሉ ፓኔል በራሱ የያዛቸው 8 ዞኖች፣ ማለትም የበርና የመስኮት መስመሮች፣ ሞልተው ስለነበር፣ ለመጋዘኑ አዲስ ክንፍ ባለ 8 ዞን ኤክስፓንደር ሞጁል መጨመር ነበረብን። ቀይና ጥቁሩን ሽቦ ለኃይል፣ ቢጫና አረንጓዴውን ለመረጃ አያያዝሁ፤ የሞጁሉን አድራሻ የሚወስኑትን ትንንሽ ማገናኛዎች፣ ጃምፐሮቹን፣ ሞጁሉ ከ9 እስከ 16 ያሉትን ዞኖች እንዲይዝ አስተካከልሁ፤ ፓኔሉም ሞጁሉን ፈልጎ እንዲመዘግበው አደረግሁ። በአንድ አድራሻ ሁለት ሞጁል ትቶ የሚሄድ ሰው አለ፤ እኔ አይደለሁም። ይህን የምለው ቀጥሎ የሚመጣው ስለማያስከብረኝ ነው።

በዚያ ፓኔል እያንዳንዱ ዞን የሚጠበቀው በ5600 ኦም (የመግታት አቅም መለኪያ) ሬዚስተር ነው፤ ፓኔሉ ያንን ቁጥር ሲያነብ ዞኑን ዝግ ይለዋል፤ የሬዚስተሩም ቦታ የመስመሩ መጨረሻ፣ ማለትም በበሩ ወይም በመስኮቱ ኮንታክት፣ ሲከፈት መስመሩን በሚያቋርጠው ማብሪያ፣ ዘንድ ነው። ይህንን አውቅ ነበር። ሆኖም አብረውኝ የነበሩት አለቃዬ ስምንት ቦታ መሰላል ላይ መውጣትና መበየድ የቀን ብክነት መሆኑን ነገሩኝና፣ ስምንቱንም እዚያው ሞጁሉ ሣጥን ውስጥ ከተርሚናሎቹ ጋር እንዳስራቸው አዘዙኝ። ቅር ማለቴን ከፊቴ አንብበው ኖሮ፣ «ኤሌክትሪክ ሬዚስተሩ የት እንዳለ አይጠይቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ሬዚስተሩ፣ ገመዱና ኮንታክቱ ተከታትለው እስከተያያዙና ገመዱ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ፓኔሉ ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም። በሩንና መስኮቱን ሁሉ እየከፈትን ሞከርን፤ የደወሉ ቁልፍ ሰሌዳ፣ ኪፓዱ፣ አንዱንም ሳይስት አሳየን፤ ተፈራርመን ወጣን።

ከአራት ወር በኋላ የፓኔሉን መጠባበቂያ ባትሪ ለመቀየር ብቻዬን ተመልሼ ሄድሁ። ባትሪውን አስሬ ልጨርስ ስል ጠባቂው ቀረብ አሉና፣ «ልጄ፣ ያቺ የኋላዋ መስኮት ዱሮ ስትከፈት ኪፓዱ ጢጥ ይል ነበር፤ አሁን ዝም ብላለች» አሉኝ። ኪፓዱን አየሁት፤ ዞን 13 ዝግ ነው፣ ምንም የብልሽት ምልክት የለም። ያን ጊዜ የመለስሁላቸውን መልስ ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

«ዝም ማለቷ ደህና ናት ማለት ነው፣ አባባ።»

«ክፍቷንም ዝም ትላለች እኮ» አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ትናንት ማታ ክፍት ረስቻት ስርዓቱ ቆልፌያለሁ ብሎኝ አድሯል።»

ሰውየው መስኮቷን ከሌላ መስኮት ጋር አምታተዋታል ብዬ አሰብሁ። ትዕግሥተኛ መሆኔን ላሳያቸው ሣጥኑን ከፈትሁ፤ ተርሚናሉ ላይ ያለው ቮልቴጅ ንባቡን እንዳያዛባው የዞን 13ን መስመር ከነሬዚስተሩ አላቅቄ በቴስተር ለካሁና ማሳያውን ወደ እርሳቸው አዞርሁት። ከ5600 ጥቂት ኦም ብቻ ነበር የሚያልፈው። «አዩ? ይሄ ቁጥር ካለ መስመሩ ሙሉ ነው» አልኋቸው፤ እንዲያውም ስለ ሬዚስተር ጥቂት ላስተምራቸው ጀምሬ ነበር። እርሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝና፣ «መልካም። አሁን እኔ ሄጄ ልክፈታት፣ አንተ ቁጥሩን እያየህ ቆይ» አሉ።

ሄዱ። መስኮቷ ስትከፈት የማጠፊያዋ ሲጥታ እስከ ሣጥኑ ድረስ ተሰማ። ኮንታክቱ ሲለያይ መስመሩ ሊቋረጥ፣ ቴስተሩም ምንም ሊያነብ አይገባውም ነበር። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ጠባቂው ከወዲያ ማዶ፣ «ምን ይላል?» ብለው ጮኹ። ለጥቂት ጊዜ መልስ አልሰጠሁም፤ መልስ ስለጠፋኝ ሳይሆን መልሱ ስለገባኝ ነው።

ገመዱን ተከትዬ ስሄድ በቅርቡ ከተገጠመ መደርደሪያ ጀርባ ደረስሁ። መደርደሪያውን ከግድግዳው ጋር ያሰረው ብሎን ሁለቱን ሽቦዎች ወግቶ አገናኝቷቸዋል። ሬዚስተሩ መስኮቱ ዘንድ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ሾርት ባደረገባት ቅጽበት ፓኔሉ 5600 ኦሙን አጥቶ ዞኑን ያሳውቅ ነበር። እኛ ግን ሬዚስተሩን ከብሎኑ ወዲህ፣ ፓኔሉ አፍንጫ ሥር ስላስቀመጥንለት፣ ገመዱ ከዚያ ወዲያ ቢሞት ባይሞት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ለአለቃዬ ደወልሁና ያገኘሁትን ነገርኋቸው። መጀመሪያ ያሉት ነገር፣ «ሬዚስተር ሣጥን ውስጥ እንዲገባ የፈቀደ ማን ነው?» የሚል ነበር። አፌ ላይ የደረሰውን ዋጥሁት። በሪፖርቱ ላይ ምክንያቱ «የገጣሚው ግድየለሽነት» ተብሎ ተጻፈ፤ ገጣሚው እኔ ስለሆንሁ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ኋላ ላይ በየመስመሩ ጫፍ ሁለት ሁለት ሬዚስተር ብናደርግ፣ ፓኔሉንም በዚያው ብናስተካክል፣ መስኮት ሲከፈት 11200 ኦም፣ ሾርት ሲሆን ዜሮ አካባቢ ስለሚነበብ አንዱ ከሌላው ይለያል ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። «አንዱን ቦታው ማስቀመጥ ያቃተህ ሰው ሁለት ልስጥህ?» አሉኝ። ቀልዱ ጥሩ እንደነበር አልክድም።

ገመዱን ቀይሬ ሬዚስተሮቹን ወደየቦታቸው ማዛወር ጀመርሁ። ዞን 13ን ስጨርስ ሁለቱን ሽቦዎች በመፍቻ ጫፍ ሳገናኛቸው ዞኑ ወዲያው ኪፓዱ ላይ ብቅ አለ፤ ጠባቂው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ምንም አላሉም። በዚያ ቀን ስድስቱን አዛወርሁ። የቀሩት ሁለቱ የትልልቆቹ የጭነት በሮች ኮንታክቶች ሲሆኑ የያዝሁት መሰላል አይደርስባቸውም ነበር፤ አለቃዬም በሚቀጥለው ጉብኝት ይሠራሉ አሉ። በርክክብ ሥዕሉ ላይ ግን ስምንቱም ሬዚስተሮች በመስመራቸው መጨረሻ ላይ ተስለዋል፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ ጠባቂው፣ «አሁን ሁሉም አለቀ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልቋል፣ አባባ» አልኋቸው።