ረጅም ስለሆነ ብቻ?

ድሬ ላይ ረዘም ያለ ልጅ ከታየ «አንተ ባስኬት ለምን አትጫወትም?» የማይለው የለም። አጠር ያለውን ማንም አይጠይቀውም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

እርግጥ ቀለበቱ 3.05 ሜትር ላይ ነው፣ ለማንም ብሎ ዝቅ አይልም። ግን ለኤንቢኤ (ለአሜሪካው የባስኬት ሊግ) የሚታጩ ልጆች ሲለኩ ቁመት ብቻ አይታይም። እጅ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ይለካል፣ ቆመው እጅ ሲሰቅሉ የት እንደሚደርሱ ይታያል፣ ዝላይም አለ። ኳስ የሚቀማውም ሹት የሚያግደውም እጅ እንጂ አናት አይደለማ! የኤንቢኤው ድሬይመንድ ግሪን 1.98 ሜትር ገደማ ነው፣ ቀለበት አካባቢ ለሚጫወት አጭር የሚባል፣ ግን ክንዱ ሲዘረጋ 2.16 አካባቢ ስለሚደርስ ከእሱ የሚረዝሙትን ሲያስቸግር ኖሯል (በአፉም ጭምር፣ እሱን ተዉት)።

ልኬት የሚሸውድበትም ጊዜ አለ። ኮከቡ ኬቪን ዱራንት ለኤንቢኤ ሲለካ በፈረንጆቹ 2007 ላይ 84 ኪሎ ብረት አንዴም መግፋት አቅቶት ነበር። በዚያው ዓመት ግን የኤንቢኤ ቡድኖች አዲስ ልጆች ሲመርጡ 2ኛ ሆኖ ተመረጠ። መግሲ ቦግስ ደግሞ በ1.60 ሜትር ቁመት 14 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። እሱ ግን ብርቅ ነው፣ ልጆችን በእሱ መሸንገል አልወድም።

የኛ ሰፈር አሰልጣኞች፣ እባካችሁ የ13 ዓመት ልጅ በዛሬ ቁመቱ አትጣሉ። አንዱ ቀድሞ ይረዝማል፣ ሌላው 16 ሞልቶት ይመዘዛል። ከዚራ ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል ኳስ እያነጠረ ያደገ አጭር ልጅ ድንገት ቢረዝም ችሎታው አብሮት ነው፤ ረጅም ነህ ተብሎ ቀለበት ስር የተተከለው ግን እድገቱ ቀድሞ ካቆመ ኳስ ይዞ መሮጥ እንኳን አልለመደም።