«ቀማ»ን በቦታው መጠቀም፦ የቃላት ጥናት ማስታወሻ

የሰው ዕቃ መውሰድን ከሚገልጹ ግሶች «ሰረቀ»ን ባለፈው ማስታወሻ ስለጨረስን አሁን ተራው የ«ቀማ» ነው። ሌባ የሚሰርቀው ባለቤቱ ሳያይ ነው፤ ቀማኛ ግን ፊት ለፊት፣ ባለቤቱ እያየ ይወስዳል። «ተኝተን ሳለ ራዲዮኑን ቀማን» የሚለው ጆሮ የሚጎረብጠው ለዚህ ነው።

ይበልጥ የሚያስቸግረው አገባቡ ነው። «ወሰደኝ» ካልን የተወሰድነው እኛው ነን፤ የተወሰደው ዕቃ ከሆነ «ወሰደብኝ» ማለት ግድ ይላል። ቀማ ይህን «ብ» አይፈልግም። «ደብተሬን ቀማኝ» በቂ ነው፦ ዕቃው «ን»ን ይይዛል፣ የተቀማው ሰው ግሱ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። ግሱ ተደራጊ ሲሆንም «ን» ቦታዋን አትለቅም፤ «ልጁ ደብተሩን ተቀማ» እንላለን። «ልጁ ደብተሩ ተቀማ» ተብሎ ከተጻፈ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ባለቤት ያወጣል።

ንባብ ላይ ደግሞ «ይቀማል» ወጥመድ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ቀማኛውም ተቀሚውም በአንድ ጽሕፈት ይመጣሉ። «ቀ» ከላላ ሰውየው ቀሚ ነው፤ ከጠበቀ ተቀሚ። «መቀማት»ም እንደዚሁ። ግልጽነት ሲያስፈልግ «ነጠቀ»ን መምረጥ ይሻላል፤ «ይነጥቃል» እና «ይነጠቃል» በጽሑፍም ይለያያሉ። ነጠቀ ፍጥነት አለበት (ጭልፊት ጫጩት ትነጥቃለች)፣ በመደበኛ ጽሑፍም ለመብት፣ ለሥልጣንና ለፈቃድ ይስማማል። ከ«ነፈገ» ጋር ግን አይምታታ፦ ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው ቀድሞ ፈቃድ ነበረው፤ ፈቃድ የተነፈገው ሰው ግን ላይኖረው ይችላል።

«ነሳ» ከሁሉም ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። በግዕዝ «ነሥአ» በቀጥታ ወሰደ፣ አነሣ ማለት ነው። በአማርኛ የሚወስደው በአብዛኛው የማይጨበጠውን ነው፦ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ሰላም ነሳኝ፣ ፊት ነሳኝ። «እጅ ነሳ» ግን ሰላምታና አክብሮት ስለሆነ ለብቻው ይያዝ። እዚህም «ይነሳል» ብቻውን ከተጻፈ ከመኝታ መነሳት ሊመስል ይችላል፤ «ይነሳኛል» ሲሆን ግን ጥርጣሬው ይጠፋል።

ቀጣዩ «ወረሰ» ነው። «አባቱን ወረሰ» ያለው ሰው ንብረት አግኝቷል፤ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ የከተማ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ «ቤቱን ተወረሰ» የተባለው ግን አጥቷል።